የባለቤቴን ሕመም ለሸለሙት ሊቀ መንበር

ይድረስ ለክቡር ጓድ ከበደ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ሸዋ ሮቢት
ኅዳር 1983 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎን ግን አልጠይቅም፤ ጤናዎን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቀው የለምና። ካኪዎን የምሰፋልዎ ልብስ ሰፊው ጀይላን ነኝ። አገሩ በድርቅ ከስቶ ለሟች የከፈን ጨርቅ በጠፋበት ዘመን እንኳ የእርስዎ ሱሪ ወገብ እንዳይጠብብዎ ከጎኑ ጨርቅ እየቀጠልኩ ያሰፋሁት እኔው ነበርኩ። አላህ ይህን ወገብ ያቆይልን፤ አቆይቶም ከምግብ ሌላ የሚሸከመው ነገር ይስጠው።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያበቃኝ በጥበቃው እጅ የላኩልን ትእዛዝ ነው። ባለቤቴ ሐጂራ ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤት ቀርባ የሴቶች ማኅበር ጸሐፊነቷን እንድትቀጥል፣ ያለዚያ ግዳጇን ጥላ እንደ ኮበለለች ተቆጥራ እርምጃ እንደሚወሰድባት በአክብሮት ገልጸውልናል። መልሱን ለእርስዎ ብቻ በታሸገ ፖስታ መላክ እችል ነበር፤ ነገሩ ግን የብዙ ቤት ነገር ስለሆነ አንዱን ቅጂ በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ጎረቤቶቼ አይተው "ጀይላን፣ ሚስትህ ሲሻላት አንተ አበድህ እንዴ?" አሉኝ። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ቢሆንም ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ ወዲህ እርስዎም ሰው ከማሰርዎ በፊት ማሰብ ጀምረዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ማሰብ በመጀመርዎ እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ።

ደብዳቤዬ የወቀሳ አይደለም። ምስጋና ነው፤ በተራ በተራው አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ባለቤቴን ለዚያ ሥራ ስለመረጧት አመሰግናለሁ። የሸዋ ሮቢት ሰው እንደሚያውቀው የሐጂራ አንደበት ለስላሳ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ምጥ የጠናባት ስትኖር፣ ልጅ የሞተባት ስትኖር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም "ሐጂራን ጥሯት" ይል ነበር። በሰሜን ጦር ግንባር የወደቁ ልጆች ስም ወደ ቀበሌው መምጣት ሲጀምር እርስዎም ይህንኑ ሰምተው ኖሮ የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ አድርገው ለየቤተሰቡ መርዶ የማድረሱን ሥራ ለእሷ ሰጧት። "አንቺ ስትናገሪው አይመርም" አሏት።

በእኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ዘመድ አስቀድሞ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ አብረው ይሄዳሉ፤ እናቲቱ ስትወድቅ የሚይዛት፣ ስትጮህ አብሯት የሚጮህ ከጎኗ ይቆማል። የመጀመሪያዋ እናት ሙሚና ነበረች፤ ከመስጊዱ ጀርባ የምትኖረው፣ ከአንድ ልጅ በቀር ያልነበራት። ሐጂራ ጎረቤቶችን አስከትላ ሄዳ አረዳቻት፤ አብራት አለቀሰች፤ እዚያው ሰንብታ ፊቷን እያጠበች፣ በእጇ እያጎረሰች፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከጎኗ ሳትለይ ቆየች። ቤቷ ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። ነገር ግን እህል ቀመሰች፤ ልጃችንን ፈሪሃን አቅፋ ተኛች፤ በማግሥቱ ከእኔ ጋር ስለ ጨው ተጨቃጨቀች። ጤና ማለት እሱ እንደነበረ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

እርስዎ ግን አስጠርተዋት "ጓዲት፣ አንድ መርዶ ሦስት ቀን ከፈጀ ጦርነቱን መቼ ልንጨርስ ነው?" ብለው ጠየቋት። ጦሩን የሚመሩት ያልጠየቁትን ጥያቄ እርስዎ ከሮቢት ወንበርዎ ላይ ሆነው በመጠየቅዎ አገር የውለታዎ ባለዕዳ ናት።

ሁለተኛ፣ ሥራውን ስላቀለሉላት አመሰግናለሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሐጂራ ብቻዋን እንድትሄድ አዘዙ፤ ስሙ በደረሰ ዕለት መርዶው ሳይነገር እንዳያድር አዘዙ፤ "ጀግና አይለቀስለትም" ብለው ሰው ተሰብስቦ እንዳያለቅስ ከለከሉ። ለሐዘኑም አጭር ንግግር አዘጋጅተው በቃሏ አስጠኗት፤ "ልጅዎ ለእናት አገር ክብር ወድቋል፤ ሊኮሩ ይገባዎታል" የሚል። ከዚያ በኋላ ቃል ሳትጨምር እንድትወጣ አዘዟት። የስኳር ራሽን የሚታደለውም በሴቶች ማኅበር በኩል ስለነበረ "አንድ መንገድ ሄደሽ ሁለት ሥራ ትሠሪያለሽ" አሏት። ለእግሯ ስላዘኑላት እናመሰግናለን።

የእግሯ ነገር ከተነሣ፣ ያ እግር ወደ ሰፈር ሲገባ ምን ይሆን እንደነበር ያወቁ አይመስለኝም። በር ይዘጋ ነበር። ልጆች ከጨዋታቸው ተነሥተው "ሐጂራ መጣች!" እያሉ ወደየእናቶቻቸው ይሮጡ ነበር። ልጇ ዘማች የሆነች ሴት ሁሉ ሐጂራ ደጇን አልፋ እስክትሄድ ድረስ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። አንዷ እናት ገና ከሩቅ ስታያት መሬት ላይ ተቀምጣ "ሐጂራዬ፣ እባክሽ ለስኳር ነው የመጣሁት በይኝ" እንዳለቻት ነግራኛለች። ያን ቀን የሄደችው ለስኳር አልነበረም። ተምራ የሄደችውን ተናግራ ወጣች። ሲወልዱ እጃቸውን ይዛ ያዋለደቻቸው ሴቶች ገበያ ላይ ሲያዩዋት መንገድ መቀየር ጀመሩ። ለሠርግ መጠራቷ ቀረ። እኔም ከሱቄ ደንበኛ ሲሳሳ አየሁ፤ የእኔ ቤት የሞት መነሻ ቤት ሆኖ ነበርና።

ሦስተኛ፣ ስለ ሽልማቱ። ይህን ምስጋና በተለይ ከልቤ አቀርበዋለሁ።

ሐጂራ መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች። አጠገቤ ተጋድማ ጥርሷን ታፋጫለች እንጂ ዓይኗ አይከደንም። ራሷን ያማታል፤ ሆዷን ይቆርጣታል፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ የወባ መድኃኒት ተሰጥቷት ተመለሰች፤ ሮቢት ውስጥ ያልታወቀ ሕመም ሁሉ ወባ ነውና። ቀጥሎ ነገር መርሳት መጣ። ወተት ጥዳ ገንፍሎ እሳቱን እያጠፋው ቆማ ታየዋለች። ቀጥሎ ቁጣ መጣ፤ ፈሪሃ ስትስቅ "ምን ያስቅሻል?" ብላ የምትጮህ ሴት ሆነች። ከዚያ ደግሞ ቁጣውም ሄደ። እንቅልፉ ባይመለስም እንባውም፣ ጩኸቱም፣ ጭቅጭቁም ሁሉ ቆመ። ሞኝ ነኝና ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ፈሪሃ ከማንጎ ዛፍ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ጩኸቷን ሰምቼ ከሱቅ እየሮጥኩ ስመጣ ልጅቱ መሬት ላይ ትንፈራገጣለች፤ እናቷ ጥቂት ራቅ ብላ ተቀምጣ ለወጥ የሚሆን ማሾ ትለቅማለች። "ሐጂራ! ምን ሆናለች?" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ለእናቶቹ በምትናገርበት በዚያው ድምፅ "ወድቃለች" አለችኝ። ከዚያ ወደ ማሾዋ ተመለሰች። ልጄን አንስቼ ወደ ወጌሻ ስሮጥ የፈራሁት ለልጄ ክንድ አልነበረም።

በዚያው ወር ማለቂያ ላይ ነው እርስዎ በስብሰባ ላይ ያስነሧት። "ይህቺን ጓዲት ተመልከቱ! ስታረዳ እንባ አይታይባትም፤ ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፤ አንዱን ጨርሳ ወደ ቀጣዩ ታልፋለች። እንዲህ ያለች ብረት ሴት ናት አብዮቱን የምታሻግረው!" አሉ። የምስክር ወረቀትም ሰጧት፤ ጭብጨባም አዘዙላት። ክቡር ሆይ፣ የወባ ትኩሳት ያለበትን ሰው ግንባር ዳስሰው "እንዴት ያለ የሚሞቅ ሰው ነው!" ብለው የሚሸልሙ መሪ ከእርስዎ በቀር አላየሁም።

አራተኛ፣ ስለ መሪያም ቤት። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ያንቀኛል፤ ቢሆንም እሞክራለሁ።

መሪያም ወደ ጀውሃ በሚወስደው መውጫ በኩል የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያን ዕለት የሴት ልጇ ኒካህ ነበር። እኔ ጽሕፈት ቤትዎ ተጠርቼ የአዲሱን ካኪ ልኬት እየወሰድኩ ሳለሁ ነው የወንድ ልጇ ስም የደረሰው። ሜትሬን በደረትዎ ዙሪያ እንደያዝኩ "ጓድ ከበደ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ለነገ ይቆይ፤ ዛሬ ሠርግ ላይ ናት" ብዬ ለመንኩዎ። እርስዎም እጆችዎን እንደ ዘረጉ "ሞት ቀጠሮ ያሲዛል እንዴ ጀይላን? ልኬቱን ጨርሰህ ውጣ" አሉኝ። ልኬቱን ጨርሼ ወጣሁ። ሐጂራ ከእኔ ቀድማ ተልካ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከነበሩት ሰዎች ሰማሁ። ሴቶቹ ድቤ እየመቱ፣ እያጨበጨቡ፣ ሙሽሪትን ከብበው ነበር። ሐጂራ በመካከላቸው አልፋ ገባች። ትሪ ይዛ የቆመችው መሪያም አይታት ገና "ሐጂራ፣ እንኳን መጣሽ፤ ተቀመጪ" እያለች ሳለ ሐጂራ የተማረችውን ንግግር አንዲት ቃል ሳታጎድል ነገረቻት። ከዚያም "ስኳሩ ነገ ነው" ብላ ተመልሳ ወጣች። ትሪው ወደቀ። ድቤው ግን ወዲያው አልቆመም፤ በኋላ በኩል የነበሩት አልሰሙም ነበርና ጥቂት ጊዜ እየዘፈኑ ቆዩ።

ሐጂራ ወደ ቤት ስትመለስ አስፋልቱ መካከል ደርሳ ተቀመጠች። ከአሰብ የሚመጣ ከባድ መኪና ጎማው እስኪጨስ ፍሬን ይዞ አፍንጫዋ ሥር ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ "ልገድላት ነበር እኮ! የማን ሚስት ናት? ሰክራ ነው?" እያለ ይጮሃል። ከሱቄ ሮጬ ደርሼ ክንዷን ስይዝ "ጀይላን፣ ደክሞኝ ነው። ትንሽ ልቀመጥ" አለችኝ። ሾፌሩም ጩኸቱን ትቶ አብሮኝ አነሣት።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መቁጠሩን ትቻለሁ። ቁጥር የሚወዱት እርስዎ ነዎት።

ጎረቤቱ "ጅን ነው" አለ። ወደ አንድ ትልቅ ሸኽ ወሰድኳት። ሸኹ ቁርኣን ቀሩላት፤ ዱዓ አደረጉላት፤ ከዚያም እኔን ለብቻ ጠርተው "ልጄ፣ ጅን ባገኝ ጅን ነው እልህ ነበር። ይህቺ ልጅ የሰው ሐዘን ተሸክማ ማውረጃ ያጣች ናት። ዱዓውን አልተውም፤ አንተ ግን ሐኪም ዘንድም አድርሳት" አሉኝ። ደብረ ሲና ላይ፣ አዲስ አበባ የአእምሮ ሕሙማን ዘንድ ሠርታ የመጣች ሲስተር ንግሥት የምትባል ነርስ እንዳለች ሰማሁ። ለመሄድ ግን የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልግ ነበርና ኮፍያዬን አውልቄ እርስዎ ዘንድ መጣሁ።

የሰጡኝን ትምህርት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "ድካም የንዑስ ከበርቴ በሽታ ነው፤ ሠርቶ አደር አይደክመውም" አሉኝ። "አልጋ ላይ ተኝታ የምትፈወስ ከሆነ ስብሰባ ላይ ቆማም ትፈወሳለች" ብለው መድኃኒቱን ራስዎ አዘዙላት፤ እሑድ በአዳራሽ ሕዝብ ፊት ግለ ሂስ እንድታደርግ። የግለ ሂሱ ጥቅም ምን እንደሆነ ስጠይቅዎ "ውስጧ ያለውን አውጥታ ይቀላታል" አሉኝ። በአላህ እምላለሁ፣ በሥልጣን ዘመንዎ ሁሉ ትክክል የተናገሩት ያንን አንድ ቃል ነው፤ ያውም ሳያውቁት።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ እርስዎ ሰው በትእዛዝ ስለሚወዱዎት። ሐጂራ ተነሥታ መድረኩ ላይ ቆመች። "ድክመትሽን በግልጽ ለሕዝቡ ተናገሪ" አሏት። ሁለተኛ አዘዟት። አፏን ከፍታ አንድ ስም ጠራች፤ የሙሚናን ልጅ ስም። ቀጥላ ሌላ ጠራች። ቀጥላ ሌላ። ስትጠራ አታለቅስም፤ ድምፅዋም አይንቀጠቀጥም፤ እርስዎ እንደሚወዱት። ነገር ግን ስም በተጠራ ቁጥር አንዲት እናት ከተቀመጠችበት ትነሣለች። አንዷ "ልጄን!" ብላ ደረቷን መታች። ሌላዋ ነጠላዋን አገለደመች። በየቤታቸው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው የከረሙ ሴቶች፣ እርስዎ በከለከሉት ለቅሶ፣ እርስዎ በጠሩት ስብሰባ፣ እርስዎ ባስጻፉት መፈክር ሥር ጮኹ። ክርስቲያኗ "ወየው" ትላለች፤ ሙስሊሟ "ኢና ሊላሂ" ትላለች፤ አንዷ ሌላዋን ትይዛለች። ጠረጴዛ እየደበደቡ "ስብሰባው ተበትኗል! ተበትኗል!" ሲሉ ድምፅዎን የሰማ አልነበረም። ማንም አልወጣም። የወጡት እርስዎ ነበሩ፤ በጓሮ በር በኩል። ልኬትዎን አውቃለሁና በዚያች በር እንዴት እንዳለፉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ሐጂራ ብቻዋን ደረቅ ዓይኗን አፍጥጣ ቆማ ነበር። ሙሚና መድረኩ ላይ ወጥታ እጇን ያዘችና "ነይ ልጄ፣ በቃሽ። እኔን ሦስት ቀን ይዘሽኛል፤ አሁን የእኔ ተራ ነው" አለቻት።

በማግሥቱ ሙሚና ያለ ፈቃድ መኪና አሳፍራ ደብረ ሲና ወሰደቻት። የጣርማ በርን ዳገት ሳይወጡ ደብረ ሲና ይደረሳልና መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ኬላው ግን ሩቅ ነው። የኬላው ጠባቂ ወረቀት ሲጠይቅ ሙሚና "ወረቀቴ ጦር ግንባር ቀርቷል፤ ሄደህ አምጣልኝ" አለችው። አሳለፋቸው።

ሲስተር ንግሥት ወዲያው መድኃኒት አላዘዘችም። ሐጂራን አስቀምጣ "እትዬ ሐጂራ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያለቀሱት መቼ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ባለቤቴ ብዙ አሰበች፤ ማስታወስ አልቻለችም። "አብጃለሁ?" ብላ ጠየቀች። ነርሷም እንዲህ አለቻት፤ "አላበዱም። እናንተ የጭነት አህያ አገር ሰዎች ናችሁ፤ ገጣባ አህያ ያውቃሉ። ጀርባው እንደተላጠ ጭነት ሲጨመርበት መጀመሪያ ይራገጣል። ኋላ መራገጡን ይተዋል። ባለቤቱ 'ገራልኝ' ይላል። አልገራም፤ ሕመሙ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው። እርስዎም መራገጥ ያቆሙ ዕለት ነው የታመሙት።"

ይህን ለእኔ በኋላ ስትደግምልኝ፣ ተሻላት ብዬ ደስ ያለኝን ቀን አስታውሼ አንገቴን ደፋሁ።

ሕክምናው እርስዎን የሚያስቅ ነው፤ መፈክር የለበትም። በየሳምንቱ ትሄዳለች፤ አንዲቱን እናት አንሥታ፣ ቤቱን፣ የተነገረውን፣ ያልተነገረውን ቀስ እያለች ታወራለች፤ ነርሷ ታዳምጣለች። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ለእንቅልፍ የምትውጠው ጥቂት ኪኒን ተሰጣት። መርዶ የተባለ ሁሉ ቀረ። ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ከሙሚና ጋር የሮቢን ወንዝ ዳር ይዛ ትሄዳለች። ቀን ደግሞ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ልብስ ትቀመቅማለች፤ "ጀምረው የሚጨርሱት፣ ጨርሰውም የሚያዩት ሥራ ይሥሩ" ብላታለችና ነርሷ። ለእኔም ትእዛዝ ነበራት። ዳግመኛ እንቅልፍ ስታጣ፣ በትንሹ ስትቆጣ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ምንም የማይሰማት ስትመስል፣ ቆይ ነገ ይተዋታል ሳልል ይዣት እንድመጣ። "ሚስትዎ ዝም ስትል ሰላም ነው ብለው አይተኙ" አለችኝ። እኔ ወንድ ነኝ፤ ሚስት ዝም ስትል ሰላም ነው እየተባልኩ ያደግሁ። ይህን መርሳት ከካኪ ስፌት ይከብዳል።

ፈጥና አልዳነችም። ተሽሏት ሰንብታ አልጋ ላይ የምትውልበት ሳምንት መጣ። የመኪና ጡሩንባ ስትሰማ መርፌው ከእጇ ይወድቅ ነበር። ፈሪሃ ለብዙ ጊዜ እናቷን ትፈራት ነበር፤ ስትጠራት እኔን እያየች ነበር የምትሄደው።

አንድ ጠዋት ሐጂራ ነጠላዋን ለብሳ "መሪያም ቤት ልሄድ ነው" አለች። ራቅ ብዬ ተከተልኳት። በሩን አንኳኳች። መሪያም ከውስጥ "ማን ነው?" አለች። "ሐጂራ ነኝ" አለች። በሩ አልተከፈተም። ባለቤቴ እደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ግንባሯን በሩ ላይ አድርጋ "መሪያምዬ፣ ስለ ልጅሽ ልቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት" አለች። ከዚያ አለቀሰች። በስንት ጊዜዋ! መጀመሪያ እንደሚያስነጥሳት ሆና፣ ኋላ ትከሻዋ እየተናጠ፣ አላፊ አግዳሚው እስኪቆም ድረስ አለቀሰች። ከበሩ ወዲያ መሪያምም ስታለቅስ ይሰማ ነበር። ሁለቱ እንዲያ በአንድ ሳንቃ ግራና ቀኝ ሆነው ተላቀሱ። መሪያም በሩን አልከፈተችም፤ እስከ ዛሬም አልከፈተችም። አልፈርድባትም። ሐጂራ ግን በየሳምንቱ እየሄደች ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች።

እርስዎስ? ሐጂራን የሚተካ ሰው ፈልገው አጥተዋል። የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች "ስሙን ስጡን፤ በወጉ እናረዳለን" ብለው ሲለምኑዎ "የመንግሥት ሥራ ለእድር አይሰጥም" ብለው፣ በላይ የተባለውን ልጅ መርዶ ሊያደርሱ ራስዎ ሄዱ። ጀግንነትዎን ለማየት ሰፈሩ በሙሉ በየአጥሩ ቆሞ ነበር። እናቲቱ ወጥታ "ጤና ይስጥልኝ ጓድ ከበደ፣ በደህና ነው?" ስትልዎ ላብዎን ጠርገው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ "ለጽዳት ዘመቻው ነው፤ ደጅሽን ጥረጊ" ብለዋት ተመለሱ። ያቺ ሴት ሊቀ መንበር እዚህ ድረስ መጥቶ ደጅ የሚያስጠርገው ልጄ ሊመጣ ቢሆን ነው ብላ፣ ደጇን ጠርጋ፣ ውኃ ረጭታ፣ አዲስ ሰሌን አንጥፋ ዋለች። ሽማግሌዎቹ ስሙን ከእርስዎ ተቀብለው በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሄደው ሲያረዷት ሰሌኑ እንደተነጠፈ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ስሞቹን ለሽማግሌዎቹ እየሰጡ ነው። ለዚህም እናመሰግናለን።

እንግዲህ ወደ ትእዛዝዎ ልመለስ። ሐጂራ ሰኞ አትመጣም። ማክሰኞም አትመጣም። ኮብልላለች ብለው የሚፈልጓት ከሆነ ጠዋት ወንዝ ዳር፣ ቀን ከእኔ ጋር ሱቅ ውስጥ፣ ሐሙስ ሐሙስ ደብረ ሲና ትገኛለች፤ ይለፍ ግን አንጠይቅዎትም። ሊያሥሯት ከመጡ አብረዋት ለመታሠር ቃል የገቡ እናቶች ስላሉ ሰፋ ያለ ክፍል እንዲያዘጋጁ በትሕትና አሳስባለሁ። አዲሱ ካኪዎም አልተሰፋም። ጨርቁን መልሼ ልኬልዎታለሁ፤ እጄ እርስዎን ለክቶ ለክቶ ስለደከመው ሐኪም ዕረፍት አዞለታል።

በመላው ዘመንዎ ሰውን ሁሉ እያደከሙ ራስዎ ላልደከመዎት ለእርስዎ፣ ከጨርቅዎ ስንዝር እንኳ እንዳልሰረቅሁ እየማልኩ፣ ጫማዎ ሥር የነበርኩና አሁን ቀና ያልኩ ታዛዥዎ፣

ጀይላን፣ ልብስ ሰፊው

ግልባጭ፦
ለሙሚና
ለመሪያም፣ በተዘጋው በራቸው ሥር
ለሲስተር ንግሥት፣ ደብረ ሲና

ተጨማሪ፦ ባለፈው ዓርብ ባለቤትዎ እትዬ ጽጌ ቀሚስ ሊያሰፉ ሱቄ መጥተው ነበር። ሐጂራን ጠጋ ብለው "ሌሊቱን ሁሉ የሚያንኮራፋ፣ ምንም ነገር የማይሰማው ሰውስ ይድናል?" ብለው በሹክሹክታ ጠየቋት። ሐጂራም በዚያ በለስላሳው አንደበቷ "እትዬ ጽጌ፣ መጀመሪያ ይሰማው ኖሮ ኋላ የጠፋበት ከሆነ፣ ኢንሻአላህ ይድናል" አለቻቸው። እትዬ ጽጌ ቆመው ብዙ አሰቡ። እርስዎ አንድ ነገር ተሰምቶዎት ያዩበትን ቀን ለማስታወስ ደከሙ። በመጨረሻ ያመጡትን አበባማ ጨርቅ አጥፈው መለሱና፣ ቀሚሱን በጥቁር ጨርቅ እንድሰፋላቸው አዝዘው ሄዱ።